«ሙቀት መቀነስ» ምን ማለት ነው? ስለ ግራፊክስ ካርድ ማብረድ የሚነገሩ የአማርኛ ስያሜዎች ሲመረመሩ

የሙያ ቃል የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሳይሆን ቃሉን አንብቦ ሥራ በሚሠራ ሰው እጅ ነው። የመዝገበ ቃላት አንባቢ ፍችው ቢያሻማው ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ጠጋኙ ግን ቃሉ ያመለከተውን ያደርጋል። መመሪያው «አጣብቅ» ካለው ያጣብቃል፤ «ቀንስ» ካለው ይቀንሳል። ከዚህም የተነሣ የአንድ ስያሜ ጉድለት ከቋንቋ ሊቃውንት ክርክር በፊት በተበላሸ ዕቃ ላይ ይታያል።

ይህ ጽሑፍ በዚህ መመዘኛ አንድ ጠባብ መስክ ይመረምራል፤ እርሱም በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኘው ግራፊክስ ካርድ ከልክ በላይ እንዳይግል የሚደረገው ሥራ ነው። ግራፊክስ ካርድ በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ምስል የሚያሰላ ክፍል ሲሆን፣ የሕንፃ ንድፍ አውጪዎች፣ የፊልም አቀናባሪዎችና የጨዋታ ተጠቃሚዎች ሁሉ ይገለገሉበታል። መስኩ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሥራው ከሙቀት፣ ከኤሌክትሪክ፣ ከአየርና ከፈሳሽ ጠባይ ጋር ስለሚገናኝ በፊዚክስ ስያሜዎቻችን ውስጥ ሳይፈታ የቆየውን ችግር በአንድ ቦታ ሰብስቦ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 ካርድ 320 ዋት፣ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 450 ዋት፣ በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5090 ደግሞ 575 ዋት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ በመጨረሻው ወደ ሙቀት ይለወጣል። የመጨረሻው ካርድ የአንድ መካከለኛ የልብስ ካውያ ግማሽ ያህል ሙቀት በጠባብ ሣጥን ውስጥ ይለቃል ማለት ነው።

፩. «ሙቀት» እና «መጠነ ሙቀት»

ችግሩ የሚጀምረው ከርእሱ ነው። «የግራፊክስ ካርድን ሙቀት መቀነስ» የሚለው ሐረግ ለአማርኛ ጆሮ ፍጹም የተስተካከለ ነው። ይሁን እንጂ «ሙቀት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሟል። አንዱ በጁል የሚለካው፣ ከአንድ አካል ወደ ሌላው የሚሻገረው ጉልበት ነው። ሌላው በዲግሪ ሴልስየስ የሚለካው፣ አካሉ የደረሰበት ሁኔታ ነው። ቴርሞሜትርን «የሙቀት መለኪያ» ስንለው የምንለካው ሁለተኛውን ሲሆን፣ የጠራነው ግን በመጀመሪያው ስም ነው።

ልዩነቱ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚቀር ረቂቅ ነገር አይደለም። አንድ መመሪያ «የካርዱን ሙቀት ለመቀነስ የማራገቢያውን ፍጥነት ጨምር» ቢል፣ ትእዛዙን የፈጸመ ሰው በመለኪያው ላይ ቁጥሩ ለምሳሌ ከ83 ወደ 72 ዲግሪ ሲወርድ ያያል። ካርዱ ግን በእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚያመነጨው ጁል ከሞላ ጎደል ያው ነው። ማራገቢያው ያደረገው ሙቀቱን ቶሎ ከብረቱ ነጥቆ ወደ ክፍሉ መግፋት ብቻ ነው። እንግዲህ ስምንትና ዐሥር ኮምፒዩተር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠ የጨዋታ ቤት ባለቤት፣ ማራገቢያዎቹን ሁሉ ቢያፈጥን ክፍሉ አይቀዘቅዝለትም። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ከዋለ የክፍሉ አየር ይሞቃል፤ አየሩ ሲሞቅ ካርዶቹም ተመልሰው ይግላሉ። ባለቤቱ «ሙቀቱን ቀንሼው ነበር፤ ማራገቢያው ተበላሽቶ ነው» ብሎ ቢያስብና አዲስ ቢገዛ የሚወቀሰው እርሱ አይደለም። ሙቀቱን እንደቀነሰ የነገረው ቃሉ ነው።

በትምህርት ቤት መጻሕፍት ይህን ለመለየት «መጠነ ሙቀት» የሚል ስያሜ ገብቷል። ስያሜው አጭርና በግዕዝ ዘርፍ ሥርዓት የተቀናበረ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ትርጉሙ ሲፈተሽ ሊለይ ከፈለገው ነገር ጋር መልሶ ይቀላቀላል። «መጠን» ብዛትን ያመለክታልና «መጠነ ሙቀት» ቃል በቃል «የሙቀት ብዛት» ማለት ነው፤ የሙቀት ብዛት ደግሞ በጁል የሚለካው ነው። አንድ ሲኒ የፈላ ውኃና አንድ እንስራ ለብ ያለ ውኃ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ብዙ ሙቀት ያለው በእንስራው ነው፤ ከፍ ያለ ዲግሪ ያለው ግን በሲኒው ነው። «መጠነ ሙቀቱ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ተብሎ አማርኛን አጥርቶ የሚያውቅ፣ ፊዚክስን ግን ያልተማረ ሰው ቢጠየቅ፣ እንስራውን ቢያመለክት ቋንቋው ይፈቅድለታል።

ከሕዝቡ አነጋገር የሚገኘው ሌላው አማራጭ «ግለት» ነው። አማርኛ የሙቀትን ደረጃዎች የሚለይባቸው ግሦች አያንሱትም፤ ለብ ማለት፣ መሞቅ፣ መጋል፣ መፋም፣ መንደድ እያለ ይወጣል። ምጣድና ብረት ይግላሉ፤ ውኃ ይፈላል፤ ከሰል ይፍማል። ስለዚህ ለካርዱ ቺፕና ለመዳቡ «ጋለ» የሚለው ግሥ ከ«ሞቀ» ይልቅ ተገቢ ነው። ሆኖም «ግለት» ለጠቅላላው መለኪያ ስም ሊሆን አይችልም። 5 ዲግሪ ያለው ብረት ዲግሪ አለው፤ ግለት ግን የለውም።

በበኩላችን የምናቀርበው «የሙቀት ደረጃ» የሚለውን ነው። «ደረጃ» ከፍታን እንጂ ብዛትን አያመለክትም፤ ደግሞም የሚስማሙትን ግሦች ይዞ ይመጣል። ደረጃ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል፤ አይበዛም፤ አይወገድም። ሙቀት ግን ይበዛል፤ ያንሳል፤ ይተላለፋል፤ ይወጣል። «ደረጃ» በንግድና በፋብሪካ የጥራት መመዘኛ ስም መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን «የሙቀት» ከሚለው ገላጭ ጋር ሲቆም የሚያሻማ አይሆንም። የአየር ጠባይ ዘገባ በተለመደው አነጋገሩ ቢቀጥል ጉዳት የለውም። ልዩነቱ ግዴታ የሚሆነው ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ገጽ ላይ በሚገናኙበት የሙያ ጽሑፍ ነው።

፪. ማቀዝቀዝ ወይስ ማብረድ?

ሁለተኛው ቃል «ማቀዝቀዣ» ነው። ይህ ስያሜ በቤት ውስጥ ባለቤት አለው፤ ምግብና መጠጥ የሚቀመጥበት ፍሪጅ ነው። ፍሪጅ በመጭመቂያ ሞተር እየታገዘ ከአካባቢው አየር በታች ያቀዘቅዛል። በካርድ ላይ የተገጠመው ብረትና ማራገቢያ ግን ይህን ሊያደርግ ከቶ አይችልም። የክፍሉ አየር 25 ዲግሪ ከሆነ ካርዱ ምንጊዜም ከ25 በላይ ነው፤ መሣሪያው የሚያደርገው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበብ ነው። በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 75 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ካርድ፣ ክፍሉ 30 ቢሆን ወደ 85 ይጠጋል። ስለዚህ በድሬዳዋና በደብረ ብርሃን አንድ ዓይነት ዕቃ የገዙ ሁለት ሰዎች የተለያየ ቁጥር ቢያዩ፣ የአንደኛው ዕቃ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። «ማቀዝቀዣ» የሚለው ቃል ግን ብርድን የሚፈጥር መሣሪያ እንዳለ አስመስሎ ተስፋ ይሰጣል።

«በረደ» እና «ቀዘቀዘ» በአማርኛ ተተካኪ ቢመስሉም ጠባያቸው ይለያያል። ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ወዳጅነት ይቀዘቅዛል፤ በሁለቱም ሊኖር ይገባ የነበረ ሙቀት ጠፍቷል። ቁጣ ይበርዳል፤ ጠብ ይበርዳል፤ ትኩሳትም ይበርዳል፤ በእነዚህ የተወገደው ከልክ ያለፈው ነው። የሚፈላ ሻይ ለልጅ የምታበርድ እናት ሻዩ እንዲቀዘቅዝ አትፈልግም። የካርዱም ጉዳይ ይኸው ነው፤ የሚፈለገው ከልክ ያለፈውን ማስወገድ ነው። እንግዲህ ሥራውን «ማብረድ»፣ መሣሪያውን «ማብረጃ» ብንል ቋንቋው ራሱ ያስቀመጠውን ልዩነት እንጠቀምበታለን።

የዚህ ምርጫ ጥቅም በይበልጥ የሚታየው ውኃ ሲጨመርበት ነው። «የውኃ ማቀዝቀዣ» በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የሚቆመው፣ የመጠጥ ውኃ የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ግን ውኃው አብራጅ እንጂ ተበራጅ አይደለም። «በውኃ ማብረጃ» ቢባል «በ» የምትለዋ አንዲት መስተዋድድ መሣሪያነትን ስለምታሳይ አሻሚነቱ ይወገዳል። ሰዋስዋችን በአንድ ፊደል የሚፈታውን ችግር በሦስት ቃል ማብራሪያ መፍታት አያስፈልግም።

፫. የመሣሪያዎቹ ስሞች

በቺፑ ላይ የሚቀመጠውን የመዳብና የአሉሚኒየም አካል እንግሊዝኛው «ሂት ሲንክ» ይለዋል። ሁለተኛው ቃል በእንግሊዝኛ የእጅና የዕቃ መታጠቢያም፣ መስመጥም ስለሆነ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «የሙቀት መታጠቢያ» ወይም «የሙቀት መስመጫ» ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያው ያስቃል፤ ሁለተኛው ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ሙቀቱ እዚያ ሰምጦ የሚቀር ያስመስለዋል። ብረቱ ሙቀት የሚያጠራቅም ጎተራ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞልቶ ሥራው ባበቃ ነበር። ተግባሩ ከጠባብ ቦታ የተቀበለውን ሙቀት በሰፊ ገጽ ላይ ዘርግቶ ለአየር ማስረከብ ነው። ስለዚህ «ሙቀት በታኝ» የሚለው ስያሜ በ«እሳት አጥፊ» አምሳል የተዋቀረ፣ ተግባሩን የሚናገር ነው። ስስ ዝርግ ቅጠሎቹን «ክንፍ» ከማለት ይልቅ በየጋራዡና በየብረታ ብረት ቤቱ የታወቀውን «ላሜራ» መውሰድ ይሻላል፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ቢሆንም ዛሬ ባለ ሙያው የራሱ አድርጎታል።

በአዳዲስ ካርዶች ላይ በቺፑና በላሜራዎቹ መካከል የታሸጉ ቱቦዎች ይገኛሉ። በውስጣቸው ጥቂት ውኃ አለ፤ አየራቸው ስለተመጠጠ ውኃው ዝቅ ባለ ዲግሪ ይተናል። በጋለው ጫፍ የተነነው ውኃ ወደ በረደው ጫፍ ይሄድና ሙቀቱን አራግፎ ወደ ጠብታነት ይመለሳል፤ ከዚያም በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ባለው ወንፊታማ ሽፋን ተስቦ ወደ መነሻው ይመለሳል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከማሰሮው የተነሣው ትነት በመቃው አልፎ በውኃ ውስጥ በተነከረው ዕቃ ሲደርስ ይጤዛል። ልዩነቱ እዚህ የወጣው ሁሉ ተመልሶ ወደ ማሰሮው መግባቱ ነው። ስለዚህ «የትነት ቱቦ» የሚለው ስያሜ ተገቢ ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሠራውም «ዝርግ የትነት ቱቦ» ሊባል ይችላል። ይህን የኋለኛውን «የእንፋሎት ክፍል» ማለት አንባቢውን ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስደዋል።

ይህ ስያሜ ምን ያህል ከባድ ኃላፊነት እንዳለበት አንድ የታወቀ ጉዳይ ያስረዳል። ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባወጣው ራዲዮን አርኤክስ 7900 ኤክስቲኤክስ ካርድ ላይ፣ አንዳንዶቹ እስከ 110 ዲግሪ ደርሰው ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ ታዩ። ኩባንያው በጥር 2023 ምክንያቱን ሲገልጽ፣ በተወሰኑት ዝርግ የትነት ቱቦዎች ውስጥ የተደረገው ውኃ በቂ አለመሆኑን አመነ። ይህን ዜና «የካርዱ ማቀዝቀዣ ውኃ አነሰው» ብሎ የተረጎመ ሰው በቃላት ደረጃ አልሳተም፤ ነገር ግን አንባቢው ውኃ የሚጨመርበትን ክዳን ሲፈልግ ሊውል ይችላል፤ የመኪና ራዲያተር እንዲህ አስተምሮታልና። ትክክለኛው አገላለጽ «በታሸገው የትነት ቱቦ ውስጥ ከፋብሪካው የገባው ውኃ አንሷል» የሚል ነው። «የታሸገ» የምትለው ቃል ጌጥ አይደለችም፤ መፍትሔው መሙላት ሳይሆን መለወጥ መሆኑን የምትናገረው እርሷ ናት።

«ማራገቢያ» ከነባሮቹ ቃላት ሁሉ የተሳካው ነው። አንዳንዶች ማራገብ እሳትን ማቀጣጠል ስለሆነ ቃሉ ከዓላማው ጋር ይጣላል ይላሉ። ተቃውሞው የሚጸና አይመስለንም። በቡና ሥርዓት ከሰሉን የሚያፋፍመው ማራገቢያ፣ ያው የሞቀውን ሰው ፊት ያበርዳል። በሁለቱም የሚደረገው አየር ማንቀሳቀስ ነው፤ ውጤቱን የሚወስነው አየሩ የሚያርፍበት ነገር ነው። ቃሉ ውጤትን ሳይሆን ድርጊትን ስለሰየመ ነው በሁለቱም ቦታ የሚያገለግለው፤ ይህም ለሌሎች ስያሜዎች አርአያ ሊሆን ይገባል። የአየሩ ነገር ከተነሣ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አንድ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ስፋት ባይለወጥም የሚገፋው የአየር ክብደት ያንሳል፤ የሚነጥቀውም ሙቀት እንዲሁ። የውጭ መመሪያ ላይ የተጻፈውን የማራገቢያ ፍጥነት እንዳለ የሚገለብጥ ተርጓሚ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

የሚቀረው በቺፑና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ነገር ነው፤ ባለ ሙያዎች «ቴርማል ፔስት» ይሉታል። ሁለቱ ገጾች ለዐይን ልስልስ ቢመስሉም በመካከላቸው አየር የሚይዙ ረቂቅ ጎድጓዳዎች አሉ፤ አየር ደግሞ ሙቀትን እጅግ በክፉ የሚያስተላልፍ ነው። ቅባቱ አየሩን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። እዚህ ላይ «ማጣበቂያ» የሚለው ትርጉም አደገኛ ነው። ሙቀት የሚያስተላልፉ እውነተኛ ማጣበቂያዎችም ስላሉ፣ ቃሉን አምኖ ያንን የገዛ ሰው ሙቀት በታኙን ከቺፑ ሳይሰብር መንቀል ላይችል ይችላል። «ምርጊት» የሚለው የቤት ሥራ ቃል በሐሳቡ ይማርካል፤ ስንጥቅ ይሞላልና። ነገር ግን ምርጊት በወፍራሙ ይለጠፋል፤ ይደርቃልም። ይህ ግን በወፍራሙ ሲሆን ይጎዳል፤ ከአየር ይሻላል እንጂ ከመዳብ አይሻልምና፤ ሲደርቅም መለወጥ አለበት። «ሙቀት አሳላፊ ቅባት» ብንል «ቅባት» የሚለው ቃል ስስነትንም አለመድረቅንም አብሮ ያመጣል፤ ቅባት ይቀባል እንጂ አይለጠፍም። አንባቢው መጠኑን ከስሙ ይማራል።

፬. ቮልቴጅ፣ ኃይልና ፍጆታ

እስካሁን ያየናቸው የተፈጠረውን ሙቀት የሚያስወግዱ መንገዶች ናቸው። ከምንጩ የሚያሳንሰው መንገድ ሌላ ነው፤ ለቺፑ የሚሰጠውን ቮልቴጅ ዝቅ ማድረግ። ቺፑ በሥራ ላይ የሚፈጀው ከቮልቴጁ ካሬና ከፍጥነቱ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ ከ1.00 ወደ 0.90 ቢወርድ፣ ይህ ፍጆታ ወደ 0.81 ይወርዳል፤ አንድ አምስተኛ ያህል ሙቀት ከነጭራሹ አይፈጠርም ማለት ነው። ቺፑ በዚያ ቮልቴጅ መሥራት መቻሉ በፈተና መረጋገጥ አለበት፤ ካልቻለ ኮምፒዩተሩ ይቆማል።

ይህን «ዝቅተኛ ቮልቴጅ» ወይም «የቮልቴጅ መውረድ» ብሎ መተርጐም በአገራችን አንባቢ አእምሮ ሌላ ነገር ይቀሰቅሳል። ቮልቴጅ መውረድ ማለት መብራት ሲደክም፣ ፍሪጅ ሲያቃስት፣ ስታብላይዘር ሲገዛ የሚታወቀው ጉዳት ነው። አንባቢው ሊጠነቀቀው የለመደውን ነገር «አድርግ» ሲባል ቢሸሽ አይፈረድበትም። መፍትሔው በግሥ እርባታችን ውስጥ አለ። «መውረድ» የሚደርስ ነገር ነው፤ «ማውረድ» ግን አድራጊ አለው። «የቺፑን ቮልቴጅ ማውረድ» ሲባል ባለቤቱ ዐውቆ፣ በልክና በቁጥጥር የሚያደርገው መሆኑ ከግሡ ይሰማል። «የቺፑን» የሚለው ዘርፍም መቅረት የለበትም፤ ከግድግዳው የሚመጣውን እንዳይነካ ያስጠነቅቃልና።

ከዚህ ጋር የሚሄደው «የኃይል ገደብ» የሚለው ነው። «ኃይል» ከፊዚክስ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች በላይ ተሸክሞ የደከመ ቃል ነው፤ ገፊውንም፣ ጉልበቱንም፣ የጉልበቱን የፍሰት ልክም በእርሱ እንጠራለን። በተራ አነጋገር ደግሞ ብርታት ማለት ነው። «የካርዱን ኃይል ቀንስ» የተባለ ሰው «ካርዴን አድክመው» እንደተባለ ይሰማዋል። በእርግጥ ግን የሚቀነሰው ከዋት የሚፈቀድለት ነው፤ ይህንንም በአንድ አምስተኛ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ የሥራውን ፍጥነት በዚያው ልክ አይቀንሰውም። «የፍጆታ ጣሪያ» የሚለው ሐረግ ከመብራት ሂሳብና ከዋጋ ቁጥጥር የምናውቃቸውን ሁለት ቃላት አገናኝቶ ጉዳዩን ያለ ስጋት ይገልጻል።

፭. ካርዱ ራሱን ሲገታ

ቺፑ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ለአርቲኤክስ 4090 አምራቹ የሰጠው የላይኛው ወሰን 90፣ ለአርቲኤክስ 3080 ደግሞ 93 ዲግሪ ነው። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ መሆኑን ስናስብ የቁጥሩን ትርጉም እንረዳለን። ይህን ጠባይ እንግሊዝኛው ከጉሮሮ ስም በወጣ ቃል ስለሚጠራው «ማነቅ» ብሎ መተርጐም ይቃጣል፤ የሚታነቅ ነገር ግን ይሞታል። «መለገም» ማለትም አይገባም፤ ልግም ችሎ እንዳልቻለ መሆን ነው፤ በካርዱ ላይ የሌለ ክፋት ይለጥፍበታል። ካርዱ ራሱን እያዳነ ነው። «ራሱን ይገታል» የሚለው በቂ ነው፤ ፈረሰኛ ፈረሱን እንደሚገታ ሁሉ ሩጫው ይቀንሳል እንጂ ፈረሱ አይጎዳም። ባለቤቱም ሊጠይቀው የሚገባውን ትክክለኛ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ለምን ለገመ?» ሳይሆን «ምን ገታው?» ይላል።

«ሆት ስፖት» የተባለውም በቺፑ ላይ ካሉት ብዙ መለኪያዎች ከፍተኛውን የሚያሳየው ነጥብ ነው። «ትኩስ ቦታ» ቢባል ትኩስ እንጀራና ትኩስ ዜና ይታወሳሉ። ቀደም ሲል ለጠቅላላው መለኪያ ያልበቃን «ግለት» እዚህ ቦታውን ያገኛል፤ «የግለት ጫፍ» እንበለው። ሁሉም ቁጥር የአንድ ነገር ቁጥር እንዳልሆነ ይህ ስያሜ ያስታውሳል። ካርዱ በአማካይ 75 ዲግሪ እያለ የግለት ጫፉ 110 ቢደርስ፣ የተበላሸው የክፍሉ አየር ሳይሆን በቺፑና በብረቱ መካከል ያለው ግንኙነት ሊሆን ይችላል።

፮. ተቃውሞዎችና መደምደሚያ

ከባለ ሙያዎች ወገን የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ «እኛ ፋን፣ ኬዝ፣ ቴርማል እያልን እንግባባለን፤ አዲስ ቃል ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ነው። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ክርክር በስያሜ ሥራ ዙሪያ አልተለየም። መልሳችን መካከለኛ ነው። የዕቃን ስም መዋስ አይጎዳም፤ «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ይህም ማንንም አላሳሳተም። ግራፊክስ ካርድ፣ ቺፕ፣ ቮልቴጅ፣ ላሜራ እንዳሉ ይቆዩ። የድርጊት ስም ግን ሌላ ነው። «አንደርቮልት አድርገው» የተባለ ጀማሪ ምን እንደሚያደርግ ከቃሉ አያገኝም፤ ያለጥንቃቄ የተተረጐመውም ቃል ያሳስተዋል። ስለዚህ መርሃችን ይህ ነው፤ ስሙን ብትዋስ ግሡን ከራስህ አውጣ።

ከቋንቋ ሊቃውንት ወገን ደግሞ ለሁሉም አንድ አንድ ቃል ከግዕዝ ቢቀመር ይሻላል የሚል አሳብ ይቀርባል። አጭርነት መልካም ነው፤ ነገር ግን «መጠነ ሙቀት» እንዳሳየን አጭርና ያማረ ስያሜ ከስሕተት አይድንም። የስያሜ መመዘኛው መነሻ ቋንቋው አይደለም፤ ቃሉን ብቻ ያነበበ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ስሕተት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ይጠናል። የጉግል የትርጉም መሣሪያ አማርኛን ከጨመረበት ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ብዙ አንባቢ የውጭውን መመሪያ በመሣሪያ እያስተረጐመ ያነባል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚማሩት ከጻፍነው ጽሑፍ ነውና፣ እኛ ያልለየነውን እነርሱ አይለዩልንም።

ከላይ የተባለው በአንድ ናሙና ሲፈተን እንዲህ ይሆናል። በተለመደው አተረጓጎም መመሪያው «የካርዱን ሙቀት ለመቀነስ ማቀዝቀዣውን በማጣበቂያ ለጥፍ፤ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ተጠቀም፤ ኃይሉን ቀንስ» ይላል። በእኛ አሳብ ደግሞ፦ «የካርዱ የሙቀት ደረጃ ዝቅ እንዲል፣ በመጀመሪያ የቺፑን ቮልቴጅና የፍጆታ ጣሪያውን በማውረድ ሙቀቱን ከምንጩ አሳንስ፤ ቀጥሎ በቺፑና በሙቀት በታኙ መካከል ሙቀት አሳላፊ ቅባት በስሱ ቀባ፤ አቧራውን አጽዳ፤ በመጨረሻም የሞቀው አየር ከሣጥኑና ከክፍሉ እንዲወጣ መንገድ ክፈት» ይላል። ሁለተኛው ረዘም ይላል። ነገር ግን ማሳነስ፣ ማሳለፍና ማስወጣት የሚሉት ሦስት ግሦች ሦስት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ይናገራል፤ አንደኛው ግን ሦስቱን «መቀነስ» በሚል አንድ ግሥ አድበስብሶ ያልፋል። የጨዋታ ቤቱ ባለቤት ከሁለተኛው መመሪያ ማራገቢያ ከመግዛቱ በፊት መስኮት መክፈት እንዳለበት ያነባል።

እዚህ የቀረቡት ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። ተርጓሚዎችና ባለ ሙያዎች በሥራ ላይ ፈትነው፣ የተሻለ ቢያገኙ እንዲያቀርቡ ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ቢኖር የሚቀርበው ቃል ከመጽደቁ በፊት ጠመንጃ መፍቻ ለያዘ ሰው እንዲነበብለት ነው።